ቀይ አሽን ማሰር፦ በአዳማ ዳርቻ የአንድ መንገድ ሰብ ቤዝ እንዴት እንደጠነከረ

ለምን ይመዘገባል

ከአዳማ ወጣ ብሎ መጋዘኖችንና አዳዲስ መኖሪያ ሰፈሮችን ከዋናው አስፋልት ጋር በሚያገናኝ አንድ መጋቢ መንገድ ላይ የተነጠፈው ሰብ ቤዝ (ከቤዝ ኮርሱና ከአስፋልቱ ሥር የሚነጠፈው የጠጠር ንጣፍ) በላብራቶሪ ያለፈ ነበር። መሬት ላይ ግን አልቆመም። ሮለር ሲሄድበት ከፊቱ ይገፋል፣ ግሬደሩ ቅርጽ ሲያወጣለት ይፈርሳል፣ የውሃ ቦቴ ሲያልፍበት ጎማው ይሰምጣል። ቁሱ ተጠርጎ ይውጣ ወይስ ባለበት ይታከም በሚል ረዘም ያለ ክርክር ተነሣ። በመጨረሻ ታክሞ ቀረ።

ቁሱ ቀይ አሽ ነው። ከሞጆ እስከ ሐዋሳ ባለው የስምጥ ሸለቆ መስመር መንገድ የሚሠራ ሰው አንድ ቀን እዚህ ቁስ ላይ መቆሙ አይቀርም፤ ስለዚህ የተሞከረውን፣ የሠራውንና ያልሠራውን በዝርዝር ማስቀመጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የእኔ ድርሻ በአማካሪው በኩል የቁስ ጥራት መቆጣጠር ነበር። የሰውም የድርጅትም ስም አልጠቅስም።

ቦታውና ቁሱ

አዳማ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያሉት ሾጣጣና ቀላ ያሉ ኮረብቶች እሳተ ገሞራ የተፋቸው ናቸው። ጋዝ የበዛበት ቅልጥ አለት ወደ ላይ ተተፍቶ ሲቀዘቅዝ ውስጡ በአረፋ ቀዳዳ የተሞላ ጠጠር ሆኖ ይከመራል፤ ቀይ አሽ የምንለው ይህን ነው። ድማሚት አይፈልግም። ሎደር ገብቶ ይዝቀዋል፣ ገልባጭ መኪና ይጭነዋል። ተፈንድቶና በክሬሸር ተፈጭቶ ከሚመጣው ጥቁር ድንጋይ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው በእጅጉ ያንሳል፤ ርቀቱም ቅርብ ነው።

በእጅ ሲይዙት ጠባዩ ይታወቃል። ጠርዙ ስለታም ነው፤ ከመጠኑ አንጻር ይቀላል። ሁለቱን ጠጠር ቢያፋትጉ መዳፍ ላይ ቀይ ዱቄት ይቀራል። ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት ወዲያው ይመጠዋል። አንድ እፍኝ አርሰው ጨብጠው ሲለቁት አይያያዝም፤ የሚያያይዘው ደቃቅ የለውም።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ የያኔው የመንገድ ባለሥልጣን ከእንግሊዙ የትራንስፖርትና የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ ጋር በዚሁ ቁስ ላይ የጋራ ጥናት አካሂዶ ነበር። ከዚያ ሥራ የወጣው ዋና ነገር ዛሬም ይሠራል፦ ቀይ አሽ ደቃቅ ያንሰዋል፣ በሮለር ሥር ጠጠሩ ይሰበራል፣ ደቃቅ የእሳተ ገሞራ አፈር ሲቀላቀልበት ይረጋል። ጥናቱ አገር ውስጥ ተሠርቶ እያለ በየፕሮጀክቱ ከዜሮ መጀመራችን ያሳዝነኛል።

ችግሩ

ዲዛይኑ ቀላል ነበር፦ 15 ሳንቲ ሜትር የቀይ አሽ ሰብ ቤዝ፣ በላዩ 15 ሳንቲ ሜትር የተፈጨ ድንጋይ ቤዝ ኮርስ፣ ከዚያ አስፋልት። በአገራችን የፔቭመንት ዲዛይን ማኑዋል መሠረት የሰብ ቤዝ ቁስ ለ4 ቀን ውሃ ውስጥ ከቆየ በኋላ ሲቢአሩ (ጭነት የመሸከም አቅሙ ከደረጃውን የጠበቀ የተፈጨ ድንጋይ ጋር ሲነጻጸር በመቶኛ) ቢያንስ 30 መሆን አለበት። የእኛ ቀይ አሽ ይህን አልፏል። ተቋራጩም ወረቀቱን ይዞ “ቁሱ አልፏል፣ ክፍያዬን” ሲል ከራሱ አንጻር እውነቱን ነው።

ላብራቶሪው አልዋሸም። የሲቢአር ሙከራ የሚደረገው ዙሪያውን በብረት ሞልድ በተያዘ ቁስ ላይ ነው። ጠጠር ደግሞ ጥንካሬው ከዙሪያው በሚያገኘው ድጋፍ ይወሰናል። በኬሻ የታሰረ ሽምብራ ላይ ሰው ይቆማል፤ ወለል ላይ በፈሰሰ ሽምብራ ላይ የቆመ ግን ይወድቃል። መንገዱ ላይ ሞልድ የለም። ትከሻው ገና አልተሞላም፣ ከላይ የሚጫነው ቤዝ ኮርስ አልመጣም፣ በጠጠሮቹ መካከል ያለው ክፍተትም ባዶ ነው። ስለዚህ ጎማ ሲጫነው ወደ ጎን ይሸሻል።

የዴንሲቲ (የቁሱ እፍጋት) ልኬቱም ክርክሩን አባባሰው። የአሸዋ ሙሊት ዘዴ (ከንጣፉ ተቆፍሮ የወጣው ቁስ ተመዝኖ የጉድጓዱ ይዘት በአሸዋ የሚለካበት) ክፍት በሆነ ጠጠር ላይ ሲሠራ አሸዋው ከጉድጓዱ ግድግዳ ወደ ክፍተቶቹ ሾልኮ ይገባል። ጉድጓዱ ከእውነተኛው መጠኑ የሰፋ ይመስላል፣ ዴንሲቲውም ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይነበባል። በዚህ የተነሣ ከቁጥሩ ምን ያህሉ የጥቅጠቃ ጉድለት፣ ምን ያህሉ የልኬት ስሕተት እንደሆነ ለመለየት አልተቻለም ነበር።

መጀመሪያ የተወሰደው እርምጃ፦ ደጋግሞ መጠቅጠቅ

የተቋራጩ መሐንዲስ የሮለሩን ምልልስ ለመጨመርና ንዝረቱን ከፍ ለማድረግ ወሰነ። ሐሳቡ መሠረት አልነበረውም አይባልም። ቀይ አሽ ሲሰበር ደቃቅ ስለሚፈጥር በተወሰነ ደረጃ ራሱን ያስተካክላል።

ከጥቅጠቃው በኋላ በዶማ ቆርጠን አየነው። ከላይ ያለው ሦስት ጣት ያህል ውፍረት ዱቄት ሆኗል፣ ሲደርቅም አቧራ ያነሣል። ከሥሩ ያለው ግን እንደተነጠፈ ነው፤ ጠጠሮቹ መካከል ጣት ሊገባ ምንም አይቀረው። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ናሙናውን ከላይና ከታች ለይታ በወንፊት ስታጥበው ልዩነቱ በግልጽ ታየ። አንድ ንጣፍ የመሰለን ነገር ሁለት ሆኖ ነበር። ጥቅጠቃው በዚያው ቆመ።

ሁለተኛው እርምጃ፦ ደቃቅ መቀላቀል

የጎደለው ደቃቅ ከሆነ ደቃቅ ማምጣት ነው። ከየት ይምጣ የሚለው ላይ ግን ሁለት ሐሳብ ነበር። አንዱ በሞጆ በኩል ያለውን ጥቁር አፈር መቀላቀል ነው፤ ይዞ ያጣብቃል ተባለ። ጥቁር አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በሰብ ቤዝ ውስጥ ከገባ በበጋ ያጠነከረውን በክረምት ያፈርሰዋል። ይህን አልተቀበልንም። ሁለተኛው ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ግራጫ፣ አመድ የመሰለ ደቃቅ የእሳተ ገሞራ አፈር ነው። ሲርስ አያብጥም። እሱን መረጥን።

መጠኑን በግምት አልወሰንንም። የጠጠር ድብልቅ በጥሩ ሁኔታ የሚገጣጠመው ትላልቆቹ የተዉትን ክፍተት መካከለኞቹ፣ እነሱ የተዉትን ደግሞ ደቃቆቹ ሲሞሉት ነው። ለዚህ የታወቀው የፉለር ቀመር አለ፦ በአንድ ወንፊት የሚያልፈው መቶኛ፣ የወንፊቱ ቀዳዳ ለትልቁ ጠጠር ተካፍሎ የሚገኘው ውጤት ስኩዌር ሩቱ ተወስዶ በ100 ተባዝቶ ይመጣል። ትልቁ ጠጠር 40 ሚሊ ሜትር ቢሆን በ10 ሚሊ ሜትር ወንፊት 50 በመቶ ያህል ማለፍ አለበት ማለት ነው። የእኛ ቁስ ከዚህ መስመር በታች በጣም ወርዶ ነበር፤ በተለይ በትናንሾቹ ወንፊቶች። 10፣ 15 እና 20 በመቶ ደቃቅ እየቀላቀልን ሞክረን 15ቱ ወደ መስመሩ ቀረበ። 20ው ላይ ጠጠሮቹ እርስ በርስ መነካካታቸውን ትተው በደቃቁ ውስጥ መንሳፈፍ ጀመሩ።

በግሬደር ተቀላቅሎ ሲጠቀጠቅ ለውጡ ወዲያው ታየ። ሮለሩ መግፋቱን አቆመ፣ ግሬደሩ ያወጣው ቅርጽ ቆመ፣ ቦቴው ሳይሰምጥ አለፈ። ብዙዎቻችን ጉዳዩ ያለቀ መሰለን። ከዚያ አንድ ቁራጭ ላይ ውሃ አቁመን አሳደርነው። ጠዋት ላይ የዲሲፒው ዘንግ (የንጣፉን ጥንካሬ ለመለካት 8 ኪሎ መዶሻ ከ575 ሚሊ ሜትር ከፍታ እየወደቀ ወደ ውስጥ የሚመታው) ከደረቁ ቦታ ይልቅ እጅግ በቀላሉ ዘለቀ። ግራጫው አፈር ክፍተቱን ሞላ እንጂ አላሰረውም። መጀመሪያ የያዘው የመሰለው በውስጡ በነበረው ጥቂት እርጥበት ምክንያት ነው፤ ውሃ ሲጠግብ ለቀቀ። መንገዱ ደግሞ ክረምትን ማሳለፍ አለበት።

ሦስተኛው እርምጃ፦ ጥቂት ሲሚንቶ

ጠጠራማና የማያብጥ ቁስ ለሲሚንቶ ይመቻል። ኖራ የሚሻለው ጭቃነት ላለው አፈር ነው። ጥያቄው ስንት በመቶ የሚለው ነበር። ከሁሉ በላይ ለማስረዳት የደከምኩት እዚህ ላይ ነው፤ “እንግዲህ ሲሚንቶ ከገባ ይብዛና ይጠንክር” የሚል ስሜት በሳይቱ ላይ ነበር።

ሰብ ቤዝ ኮንክሪት እንዲሆን አይፈለግም። ማኑዋሉ በሲሚንቶ ለታከመ ሰብ ቤዝ የሚጠይቀው የመጨመቅ ጥንካሬ ከ0.75 እስከ 1.5 ሜጋ ፓስካል ብቻ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ንጣፉ ግትር ይሆናል፣ ሲሸማቀቅ ሰፋፊ ስንጥቅ ያወጣል፣ ስንጥቁም ከጊዜ በኋላ ወደ አስፋልቱ ይወጣል። 2፣ 3 እና 4 በመቶ ሞከርን። 2ቱ ከታችኛው ወሰን ጋር ተጠጋ፤ ሳይት ላይ የሚደባለቀው የላብራቶሪውን ያህል ስለማይሆን ለእሱ መጠባበቂያ አልተወም። 4ቱ ከላይኛው ወሰን አለፈ። 3ን ያዝን።

ቁጥሩ ይህን ያህል ዝቅ ያለው ደቃቁ አስቀድሞ ስለገባ ነው። ባዶውን ቀይ አሽ በሲሚንቶ ብቻ ለማሰር ብንሞክር ሲሚንቶው ክፍተት ሲሞላ ያልቅ ነበር። ርካሹ አፈር ክፍተቱን ይሙላ፣ ውዱ ሲሚንቶ ያስር፤ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ይኸው ነው።

ሲሚንቶው ፖዞላና የተቀላቀለበት፣ ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ዓይነት ነው። ከተራው ፖርትላንድ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ሙከራውን በዚያው ሳይት ላይ በሚገባው ሲሚንቶ መሥራት የግድ ነበር። አቅርቦቱ መሐል ላይ ወደ ሌላ ዓይነት ሲቀየርም የመጨመቅ ጥንካሬ የሚለካበት ኪዩብ እንደገና ተሠርቷል።

ሥራው መሬት ላይ

ትራፊኩን በአንዱ ወገን እያሳለፍን 7 ሜትሩን መንገድ በግማሽ ስፋት፣ በ100 ሜትር ቁራጭ ከፋፈልነው። ሒሳቡን ለፎርማኑ በዚህ መልክ ሰጠነው፦ የቁሱ ደረቅ ክብደት በሜትር ኩብ 1.6 ቶን ገደማ ነው። በ15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ካሬ ሜትር 240 ኪሎ ይመዝናል። 3 በመቶው 7.2 ኪሎ ነው። ስለዚህ አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 7 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። በ3.5 ሜትር ስፋት ላይ በየ2 ሜትሩ አንድ ከረጢት ይቀመጣል። ሚዛን ሳያስፈልግ፣ ከረጢቶቹ ገና ሳይከፈቱ ዓይን ብቻውን ይቆጣጠራል።

ውሃው ከሲሚንቶው በላይ አስቸገረ። 100 ሜትር ግማሽ ስፋት 84 ቶን ቁስ ነው። እርጥበቱን በ10 በመቶ ከፍ ለማድረግ ብቻ 8,400 ሊትር ይፈልጋል። ያውም ቀይ አሽ ውሃውን ይመጠዋል፤ ጠዋት የተረጨው ውሃ ወደ ጠጠሩ ቀዳዳ ገብቶ ሲሚንቶው ደረቅ ይቀራል። መፍትሔው የመጣው ብዙ ዓመት በዚህ ቁስ ላይ ከሠሩት የግሬደር ኦፕሬተር ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። “ልጄ፣ ይኼን ማታ አጠጡት። ጠግቦ ይደር። ጠዋት የምትሰጡት ውሃ ያኔ ለሲሚንቶው ይሆናል” አሉ። እንዳሉት ዋዜማውን አጠጣነው፣ ጠዋት የጎደለውን ብቻ ጨመርን። በሌላ ቦታ ለሚሠራ ሰው ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ውሰድ ብባል ይህን እሰጠዋለሁ።

ከውሃ ማግኘት እስከ መጨረሻው የሮለር ምልልስ ያለው ጊዜ ከ2 ሰዓት እንዳያልፍ ተስማማን። ከዚያ በኋላ መጠቅጠቅ መያያዝ የጀመረውን መስበር ነው። የቁራጩ ርዝመት 100 ሜትር የሆነውም አንዱ ቦቴና አንዱ ሮለር በ2 ሰዓት ሊጨርሱት የሚችሉት ይኸው ስለሆነ ነው።

ነፋሱ ሌላው ፈተና ነው። አዳማ ነፋሷ የታወቀ ነው፤ በአጠገቧ ያሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የተተከለ አቅም ያላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ረፋድ ላይ የተከፈተ ከረጢት ነጭ ደመና ሆኖ ወደ ጎረቤት ማሳ ሲሄድ አይተናል። ከዚያ ወዲህ ሲሚንቶ የሚበተነው ማለዳ ነፋሱ ሳይነሣ ብቻ ሆነ። ሠራተኞቹ የአፍ መሸፈኛ፣ ጓንትና ቦት እንዲኖራቸው በጽሑፍ አዘዝን። ሲሚንቶ በላብ የራሰ ቆዳን ያቃጥላል።

ለመቀላቀያ የተለየ ማሽን አልነበረም። ዲስክ ያለው የእርሻ ትራክተር ተከራየን፣ ግሬደሩ አገዘው። ሲሚንቶው እስከ ሥር መድረሱን ለማየት የንጣፉን ጎን በአካፋ ቆርጠን ፌኖልፍታሊን ረጨንበት፤ ሲሚንቶ ያገኘው ደማቅ ሮዝ ይሆናል፣ ያላገኘው ቀለሙን አይቀይርም። በቀይ ቁስ ላይ ቀለሙን ለመለየት ዓይን መልመድ አለበት፤ በግራጫው ደቃቅ ላይ ግን በደንብ ይታያል። የመጀመሪያው ቁራጭ ላይ ከላይ ሮዝ ሆኖ የታችኛው አራት ሳንቲ ሜትር ያህል አልተነካም። ዲስኩ እዚያ አይደርስም ነበር። ከዚያ በኋላ ግሬደሩ ቁሱን በሙሉ እስከ ሥር አንሥቶ ወደ ጎን ይከምረዋል፣ በሁለት ዙር እየመለሰ ያቀላቅለዋል። ይህ ጊዜ ይበላል፤ በ2 ሰዓቱ ውስጥ እንዲገባ ያደረገው የዋዜማው ማጠጣት ነው።

ያልሠራው

የመጀመሪያዎቹ ቁራጮች ላይ ማርጠቡ አልተሳካም። በሲሚንቶ የታከመ ንጣፍ ለ7 ቀን ያህል እርጥበቱን መያዝ አለበት። ቦቴው ለአዲሱ ሥራ ሲሮጥ የትናንቱ ይረሳል፣ ነፋሱ ደግሞ በአንድ ከሰዓት ያደርቀዋል። ላዩ በጫማ ሲፋቅ ዱቄት የሚሆን ስስ ቅርፊት ሆነ። ያ ቅርፊት ቤዝ ኮርስ ከመነጠፉ በፊት ተጠርጓል። ከዚያ በኋላ ላዩን ጠርገን በትንሹ አርሰን፣ በነጋታው ኤምሲ 30 የሚባለውን ቀጭን ሬንጅ ረጨንበት። ሬንጁ ውሃው እንዳይተን ይሸፍናል፣ ማንንም ቦቴ አያስጠብቅም።

የትከሻው ጠርዝም ደካማ ሆነ። ሮለሩ እስከ ጫፍ ሲሄድ ቁሱ ወደ ውጭ ይፈሳል። ትከሻውን ቀድሞ ሞልቶ ከዚያ መሐሉን መሥራት ይቀላል።

ከረጢት ተደራርቦ በተከፈተበት አንድ ቦታ መንገዱን አቋርጠው የሚሄዱ ስንጥቆች ወጡ፤ ሲሚንቶ ሲበዛ ምን እንደሚሆን ለተጠራጠሩት ሁሉ እዚያው ታየ። በላዩ 15 ሳንቲ ሜትር የተፈጨ ድንጋይ ስላለ ስንጥቁ ወደ አስፋልቱ እንዳይወጣ ያግዛል ብለን ተውነው።

ከክረምቱ በኋላ

ክረምቱ እንዳለፈ መንገዱን እየቆረጥን በዲሲፒ ፈተሽነው። ደቃቅና ሲሚንቶ በደንብ የገቡበት ክፍል የጎማ ቦይ አላወጣም፤ ዘንጉም ከማከሙ በፊት ከነበረው በጣም በዝግታ ነው የዘለቀው። በሁለት ቦታ ግን ችግር አለ። አንዱ ከቱቦ ማቋረጫው አጠገብ ያለው ነው፤ የጎርፍ መውረጃው በደለል ተዘግቶ ውሃ ወደ ንጣፉ ሥር ገብቷል። ሲሚንቶ ውሃ የቆመበትን አፈር አያድንም፤ ቦዩ ተጠርጎ ያ ቁራጭ ተነሥቶ ተሠርቷል። ሌላው የሁለቱ ግማሾች መጋጠሚያ ነው። ትናንት የደረቀው ጠርዝ ላይ የዛሬው ሲጠጋ አይያያዝም፣ በመሐል መስመሩ ላይ ቀጭን ደካማ ክር ይቀራል።

ለሌላ ሥራ የሚሆነው

ጠጠራማ ቁስ ሲቢአር አለፈ ተብሎ ብቻ አይነጠፍ። የወንፊት ውጤቱ ከጥቅጠቃ በፊትና በኋላ ጎን ለጎን ይቀመጥ፤ 50 ሜትር የሙከራ ቁራጭ ላይ ሮለርና የተጫነ መኪና ይሂድበት። ይህ ከክርክሩ በጣም ይረክሳል።

ደቃቅ አስቀድሞ፣ ሲሚንቶ በኋላ። የደቃቁ ምንጭ የማያብጥ መሆኑ በሙከራ ይረጋገጥ። ደቃቅ የገባበትን ቁስ በደረቁ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ውሃ ላይ አሳድሩት።

ውሃ የሚመጥ ጠጠር፣ ቀይ አሽም ይሁን ፓሚስ (ሌላው ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)፣ ዋዜማውን ይጠጣ። የቀኑ ቁራጭ ርዝመት በቦቴው ይወሰን እንጂ በፕሮግራሙ አይወሰን።

የማቀላቀያ ጥልቀት በፌኖልፍታሊን በየቀኑ ይታይ። ትንሽ ጠርሙስና መርጪያ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ከኪዩብ ውጤት ቀናት ቀድሞ መልስ ይሰጣል።

መጋጠሚያውን በተመለከተ ለቀሪው የመንገዱ ክፍል የተስማማንበት አሠራር ይህ ነው፦ ሁለተኛው ግማሽ ሲሠራ የመጀመሪያው ጠርዝ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ በግሬደር ምላጭ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፣ የተቆረጠው ከአዲሱ ጋር አይቀላቀልም፣ ፊቱ ይረጥብና አዲሱ ቁስ ተጠግቶ በአንድ ላይ ይጠቀጠቃል። የመጋጠሚያው መስመርም ከጎማ መንገድ ሥር እንዳይውል የግማሹ ስፋት ከመሐል ትንሽ ፈቀቅ ይደረጋል።